አምፖሉ ተንጋዶ ገባ፤ የብርሃኑ መሃል ጠቆረ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ማታ ማታ የመኪና ማቆሚያ እጠብቃለሁ። ባለ 4 ድንጋይ የድሮ ማግላይት የእጅ ባትሪ አለኝ። የራሱን ትንሽ አምፖል አውጥቼ ጂ4 የሚባለውን የሴራሚክ ሶኬት ገጠምኩበት። በ4ቱ ድንጋይ ፋንታ 26650 የሚባል መጠን ያላቸው ሦስት የሊቲየም ድንጋዮች አስገባሁ፤ የተረፈውን ቦታ በአሉሚኒየም ቁራጭ ሞላሁት። ሪፍሌክተሩን (ብርሃኑን ወደ ፊት የሚያንጸባርቀውን ሳህን) በአሉሚኒየም፣ የፊቱን ፕላስቲክ በመስታወት ቀይሬዋለሁ። በባለ 20 ዋት ሃሎጅን በደንብ ይሠራ ነበር። ከዚያ ባለ 12 ቮልት 100 ዋት አምፖል ገዛሁ። እግሮቹ አልገባ አሉ። በፒንሳ አጠጋጋኋቸው፤ ጫፋቸውን በሞረድ አቅጥኜ አስገባሁት። አሁን አምፖሉ ተንጋዷል፤ የሪፍሌክተሩን ቀዳዳ ጠርዝ ይነካል። ብርሃኑ መሃሉ ላይ ጥቁር ነው። ጭንቅላቱን ባዞረው ባዞረው አይሰበሰብም። አንድ ሁለት ደቂቃ ሲበራ ደግሞ ይደበዝዝና ይርገበገባል። አምፖሉ ፎርጅድ ይሆን? ቀዳዳውን በትራፓኖ ላስፋው? ወይስ እግሮቹን በስታኞ ልበይዳቸው? ይንገሩኝ።»

ምላሽ፦ አምፖሉ ፎርጅድ አይደለም። ትራፓኖውን ወደ ቦታው መልሰው፤ ስታኞውንም እንዲሁ። ከሁሉም በፊት ግን ያንን አምፖል ዳግም አታብራው።

እንደ አንድ ችግር የጻፍከው ነገር ሦስት ችግር ነው። መንጋደዱ አንድ፣ የመሃሉ መጥቆር ሁለት፣ መደብዘዙና መርገብገቡ ሦስት። ሦስቱም የመጡት ለዚያ ሶኬት ያልተሠራ አምፖል በግድ ስለገባ ነው። ቀዳዳውን ብታሰፋው አምፖሉ ጠርዙን መንካቱን ያቆም ይሆናል። ሌሎቹ ሁለቱ ግን ባሉበት ይቀጥላሉ። አንተም ችግሩ የተፈታ መስሎህ ደጋግመህ ታበራዋለህ፤ አደጋው ያኔ ይብሳል።

ከእግሮቹ እንጀምር። ጂ4 የሚለው ስም ውስጥ ያለው 4 ቁጥር በሁለቱ እግሮች መሃል ያለው ርቀት ነው፤ 4 ሚሊሜትር። የእግሮቹ ውፍረት 0.7 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ባለ 100 ዋቱ አምፖልህ ጂዋይ6.35 የሚባለው ሳይሆን አይቀርም። የእሱ እግሮች በ6.35 ሚሊሜትር ይራራቃሉ፤ ውፍረታቸውም 1.25 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ካርቶኑን አገላብጠህ እየው፤ ተጽፎበታል። እዚያው ላይ ዋይ የሚለው ፊደል መኖር አለመኖሩንም ተመልከት። ጂ6.35 የሚባል ሌላ ዓይነት አለ። ርቀቱ እኩል ነው፤ እግሮቹ ግን 1 ሚሊሜትር አካባቢ ናቸው። ቀጭን እግር በወፍራም ሶኬት ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ ወፍራም እግር በቀጭን ሶኬት ውስጥ ሶኬቱን ይገድለዋል። በመሃል ደግሞ ጂኤክስ5.3 አለ፤ በየሱቁ ጣሪያ ላይ የምናያቸው የትንንሽ ስፖት አምፖሎች እግር ነው። ከላይ ሲያዩዋቸው ሁሉም ይመሳሰላሉ። በዓይን አትገምት፤ ሚሊሜትርን በክፍልፋይ በሚለካው መሣሪያ፣ በካሊፐር ለካ።

እግሮቹ የወፈሩት አምራቹ ደስ ስላለው አይደለም። ባለ 12 ቮልት 20 ዋት አምፖል የሚስበው 1.7 አምፔር ገደማ ነው። ባለ 100 ዋቱ 8.3 አምፔር ይስባል፤ አምስት እጥፍ ማለት ነው። አንተ ደግሞ 1.25 ሚሊሜትሩን ወደ 0.7 ሞረድከው። በስፋት ሲሰላ የቀረው ብረት ከሲሶ ያነሰ ነው። ሞረዱ ከእግሩ ላይ ዝገት እንዳይዝ የተቀባውን ሽፋንም አብሮ ወስዶታል። በአንድ በኩል ኮረንቲው አምስት እጥፍ ጨመረ፤ በሌላ በኩል የሚያልፍበት መንገድ ጠበበ።

ማጣመሙ ከመሞረዱ ይብሳል። ሰው የአምፖል እግር አንድ ወጥ ሽቦ ይመስለዋል። አይደለም። የውጪው እግር ኳርትዙ (ሙቀት የሚችለው የአምፖሉ መስታወት) ውስጥ ገብቶ ያቆማል። ከእሱ ቀጥሎ ከፀጉር የቀጠነ የሞሊብዲነም ወረቀት አለ፤ ኮረንቲውን ግሎ ብርሃን ወደሚሰጠው ውስጠኛ ክር የሚያደርሰው እሱ ነው። ኳርትዝ ሲሞቅ የሚለጠጠው እዚህ ግባ የማይባል ነው። ብረት ግን ይለጠጣል። ወፍራም ብረት ቢሆን ኳርትዙን ይሰነጥቀው ነበር፤ ለዚህ ነው ያን ያህል የቀጠነው። እግሩን በፒንሳ ስታጣምም ኃይሉ በቀጥታ የሚያርፈው እዚያ ጠፍጣፋ አንገት ላይ ነው። በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ከተፈጠረ አየር ይገባል። የሞቀ ሞሊብዲነም አየር ሲያገኝ ይዝጋል፣ ያብጣል፣ ኳርትዙን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። አንገቱ ጤነኛ ሆኖ እንኳ ከ350 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዳያልፍ አምራቾች ያስጠነቅቃሉ። የተጣመመ እግር ያለው አምፖል ዛሬ ቢበራ ነገ ይበራል ማለት አይደለም። ውስጡ ነጭ ዱቄት ወይም ነጭ ጭስ የመሰለ ነገር ካየህ አየር ገብቷል፤ አለቀለት። ባታይም ጣለው።

አሁን ወደ መርገብገቡ እንሂድ። የሶኬቱ ውስጥ ትንንሽ የብረት ምላሶች አሉ፤ እግሩን ጨብጠው የሚይዙት እነሱ ናቸው። አንተ በግድ ስታስገባ ከፈትካቸው። ጥብቅ ያልሆነ ንክኪ ረዚስታንስ አለው፤ ኮረንቲው እንደልቡ እንዳያልፍ ይገታዋል። 0.1 ኦም ብቻ ይሁን እንበል፤ ለባለ 20 ዋቱ ምንም አይደለም። በ8.3 አምፔር ግን 0.8 ቮልት እዚያው ይቀራል፤ ወደ 7 ዋት ሙቀት ሆኖ ሶኬቱን ይጋግረዋል። አምፖሉ 12 ቮልት ሲገባው 11.2 ብቻ ይደርሰዋል። ይህ ትንሽ ይመስላል። የሃሎጅን ብርሃን ግን ከቮልቱ ይልቅ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ስለሚወርድ አንድ አምስተኛ ገደማ ብርሃን ታጣለህ። ከዚያ ምላሶቹ ሲግሉ ጉልበታቸውን ያጣሉ፤ ይላላሉ። ሲላሉ ረዚስታንሱ ይጨምራል፤ ሲጨምር የበለጠ ይግላሉ። «አንድ ሁለት ደቂቃ ሲበራ ይደበዝዛል» ያልከው ይኸው ነው። አምፖሉን ብቻ ቀይረህ በዚያው ሶኬት አትቀጥል፤ ሶኬቱም ተበላሽቷል። ባለ 20 ዋቱን መልሰህ ብትሰካው እንኳ እንደ ድሮው ጠበቅ ብሎ አይገባልህም።

እግሮቹን መበየድ መፍትሔ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። በሬዲዮ ጥገና ላይ የሚሠራበት ተራ ስታኞ በ183 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። የአምፖሉ አንገት ደግሞ ከዚያ በላይ ይግላል። መጀመሪያ ብየዳው ይለሰልሳል፤ ቀጥሎ የጋለው አምፖል ሪፍሌክተሩ ላይ ይደፋል። ይህ እየበራ በእጅህ ይዘኸው ሳለ የሚሆን ነገር ነው። ሽቦ መበየድ ካለብህ ከሶኬቱ ራቅ ብለህ በይድ። ከሶኬቱ የሚወጣው ሽቦ ደግሞ ሲልኮን ወይም ቴፍሎን የለበሰ፣ ከ1.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ያላነሰ ይሁን። ሶኬቱን የያዝክበት ማጣበቂያ ተራ ኢፖክሲ ከሆነም እሱም ይለሰልሳል፤ ከመንጋደዱ ውስጥ የእሱ ድርሻ ሊኖርበት ይችላል። ለምድጃ የሚሆን ሙቀት ቻይ ማጣበቂያ በየሃርድዌር ሱቁ አለ።

ጥፋቱ የሶኬቱ ብቻ እንዳይመስልህ ቀሪውን መንገድም ፈትሽ። ማግላይት በ1979 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ የተሠራው ጥቂት ዋት ለሚበላ አምፖል ነው። ማብሪያው፣ የኋላው ሞላ፣ የክዳኑ ጥርስ ሁሉም የታሰቡት ከ1 አምፔር ብዙም ለማይርቅ ኮረንቲ ነው። ሞላው ደግሞ ብረት ነው፤ ከመዳብ ጋር ሲተያይ ኮረንቲ ለማሳለፍ ሰነፍ ነው። በሞላው ውስጥ የተገመደ የመዳብ ሽቦ አሳልፈህ ከላይና ከታች ብትበይድበት ብዙ ይለወጣል፤ እዚያ ሙቀቱ አነስተኛ ስለሆነ ስታኞ ይይዛል። የክዳኑና የአካሉ ብረት የሚነካካበት ባዶ ቀለበትም ንጹሕ ይሁን፤ በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት ጥረገው። ኪሳራው የት እንዳለ ለማወቅ መልቲሜትር ይበቃል። አዲስ አምፖል እየበራ የድንጋዮቹን ቮልት ለካ፤ ቀጥሎ የሶኬቱን ሽቦዎች ለካ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ካለፈ መንገዱ ላይ የሚበላ ነገር አለ። ይህን ስትለካ የመከላከያ መነጽር አድርግ። የጋለ ሃሎጅን ውስጡ ከፍተኛ ግፊት አለው፤ ሲፈነዳ የኳርትዝ ስብርባሪ ይበትናል።

መሃሉ ለምን ጠቆረ? የገረመህ እሱ ይመስለኛል፤ ብዙ ሰውም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ካፕሱል አምፖል (እንደ አንተ ያለ ባለ ሁለት እግር ትንሽ ሃሎጅን) አንድ ልኬት አለው፤ ከእግሩ መነሻ እስከ ክሩ መሃል ያለው ቁመት። በተለመደው ባለ 20 ዋት ጂ4 ይህ ቁመት 19.5 ሚሊሜትር ነው። በባለ 100 ዋቱ 30 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሶኬትህን የተከልከው ለመጀመሪያው ነው። ሁለተኛውን ስትሰካ ክሩ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ወደ ፊት ወጣ። ሪፍሌክተር ደግሞ አንድ የፎከስ ነጥብ ብቻ ነው ያለው። ክሩ እዚያ ላይ ሲሆን ጨረሩ ተሰብስቦ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ከዚያ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሲርቅ ብርሃኑ ቀለበት ይሠራል፤ መሃሉ ባዶ ይቀራል። የማግላይት ጭንቅላት ሲዞር ሪፍሌክተሩን የሚያንቀሳቅሰው ጥቂት ሚሊሜትር ነው። አንድ ሴንቲሜትር አያካክስልህም። ሌሊቱን ሙሉ ብታዞረው አይሰበሰብም።

ክሩ ወደየት እንደራቀ የምታውቅበት ቀላል መንገድ አለ። ሙሉ ኃይል አትጠቀም። የተጣመመውን ሳይሆን አዲስ አምፖል ሰክተህ፣ አንድ የሊቲየም ድንጋይ ብቻ አገናኝተህ ለጥቂት ሰከንድ አብራው። ክሩ በብርቱካንማ ቀለም ይደምቃል፤ ለፍተሻ ይበቃል፤ ሙቀቱም ከሙሉው ስድስት እጥፍ ያነሰ ነው። ነጭ ወረቀት ከጭንቅላቱ ፊት ያዝና ቀስ በቀስ አርቀው። ብርሃኑ መጀመሪያ ጠበብ ብሎ ከዚያ ከሰፋ ክሩ ከፎከሱ ፊት ነው፤ ሶኬቱ ዝቅ ማለት አለበት። ከመነሻው ጀምሮ እየሰፋ ከሄደ ክሩ ከኋላ ነው፤ ሶኬቱ ከፍ ይበል። የአንተ የመጀመሪያው መሆን አለበት። ይህን በሙሉ ኃይል ለማድረግ አትሞክር፤ ወረቀቱ ይቃጠላል። ቀልድ አይደለም፤ 100 ዋት ሃሎጅን ከፊቱ የሚያወጣው አብዛኛው ኃይል ሙቀት ነው።

ሶኬቱን አንድ ሴንቲሜትር ዝቅ ማድረግ በወሬ ቀላል ነው። በባለ 4 ድንጋይ ማግላይት ውስጥ ከሶኬቱ ስር ማብሪያው አለ። ቦታው ጠባብ ነው። የሶኬቱን መቆሚያ መቁረጥ፣ ሽቦውን በጎን ማዞር፣ ከአካሉ ጋር እንዳይነካካ መሸፈን ይጠይቃል። አንዳንዶች የአምፖሉን እግር ቆርጠው ያሳጥራሉ። ይህ ለጥቂት ሚሊሜትር ሊሠራ ይችላል፤ ግን እግሩ ሶኬቱ ውስጥ እስከ መጨረሻው ካልገባ ንክኪው ይሳሳል፤ ተመልሰህ መርገብገቡ ላይ ትወድቃለህ።

መንጋደዱን በተመለከተ ሁለት ነገር ለይ። አንደኛው የብርሃኑ ቅርጽ ነው። ክሩ ከመሃል መስመር አንድ ሚሊሜትር እንኳ ከወጣ የብርሃኑ ልብ ወደ አንድ ጎን ይጎተታል፤ ጭራ ያበቅላል። ክሩ ራሱ የተኛ ከሆነ ደግሞ አምፖሉ ቀጥ ብሎም ብርሃኑ ሞላላ ይሆናል። ይህ የአምፖሉ ተፈጥሮ ነው፤ ጥፋት አይደለም፤ በማስተካከል አይጠፋም። ሁለተኛው ንክኪው ነው፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ሃሎጅን በትክክል እንዲሠራ የኳርትዙ ግድግዳ ቢያንስ 250 ዲግሪ መሆን አለበት። ከክሩ የተነነው ተንግስተን ከሃሎጅኑ ጋዝ ጋር ተዋህዶ ተመልሶ ክሩ ላይ የሚያርፈው እንደዚያ ሲሆን ነው። ኳርትዙ የሪፍሌክተሩን አሉሚኒየም ከነካ ያ ቦታ ሙቀቱን እየተነጠቀ ይቀዘቅዛል። ተንግስተኑ እዚያ ላይ ይጠራቀምና ይጠቁራል። ጥቁሩ ቦታ ደግሞ ብርሃን እየመጠጠ እንደገና ይግላል። በአንድ አምፖል ላይ አንዱ ጎን የቀዘቀዘ፣ ሌላው የጋለ፣ ውስጡ ግፊት ያለበት፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?

ስለዚህ በአምፖሉና በቀዳዳው ጠርዝ መሃል ዙሪያውን ቢያንስ 1 ሚሊሜትር ክፍት ይሁን። ባለ 100 ዋቱ ካፕሱል ወፍራም ስለሆነ ቀዳዳው በእርግጥም መስፋት ሊያስፈልገው ይችላል። ይህን አልክድም። ቀዳዳውን ማስፋት ብዙ ብርሃን ያሳጣል የሚሉህንም አትስማቸው። ወደዚያ አቅጣጫ የሚሄደው ብርሃን በአምፖሉ ጠፍጣፋ አንገት የተጋረደ ስለሆነ የሚጠፋው ትንሽ ነው። ተቃውሞዬ ሁለት ነው። አንድ፣ ቀዳዳ የሚሰፋው አምፖሉ መሃል ከተተከለ በኋላ ነው። ተንጋዶ ሳለ ካሰፋኸው በተንጋደደበት በኩል ትበላዋለህ፤ ቀዳዳው የእንቁላል ቅርጽ ይይዛል፤ በኋላ አምፖሉ ሲስተካከል ጎኑ ክፍት ይቀራል። ሁለት፣ ትራፓኖ ቀጭን አሉሚኒየምን ይነክሰዋል፤ ሪፍሌክተሩን ከእጅህ ነጥቆ ያሽከረክረዋል። በክብ ሞረድ፣ ከኋላ በኩል፣ ቀስ እያልክ ሥራው። የሚያብረቀርቀውን ፊት አስቀድመህ በወረቀት ፕላስተር ሸፍነው፤ ፕላስተሩ ራሱ ሽፋኑን እንዳይልጠው አጥብቀህ አትጫነው። ብናኙን እፍ በለው እንጂ በጨርቅ አትጥረገው። ያ የመስታወት ገጽታ አንዴ ከተጫረ አይመለስም።

ድንጋዮቹን እንዳልረሳቸው። ሦስት የሊቲየም ድንጋይ ከቻርጀር ሲወጡ 12.6 ቮልት ናቸው። አምፖሉ የሚፈልገው 12 ነው። ልዩነቱ 5 በመቶ ብቻ ነው፤ ሙሉ በሙሉ አምፖሉ ጋ ከደረሰ ግን ዕድሜውን በግማሽ ገደማ ያሳጥረዋል። ይህ ለእጅ ባትሪ የሚያሳስብ አይደለም። የሚያሳስበው ኮረንቲው ነው። 8 አምፔር የሚችል 26650 አለ፤ የማይችልም አለ። የራሱ መከላከያ ሰርኪዩት ያለው ከሆነ ሌላ ነገር ይገጥምሃል። ቀዝቃዛ ክር ከጋለው ከአሥር እጥፍ በላይ ያነሰ ረዚስታንስ ስላለው፣ ስታበራው ለቅጽበት ከፍተኛ ኮረንቲ ይስባል። መከላከያው ይህን እንደ ሾርት ቆጥሮ ይዘጋል። ማብሪያውን ስትጫን ብልጭ ብሎ ወይም ጭራሽ ሳይል ይቀራል። ብዙዎች ይህን ሲያዩ «አምፖሉ በደንብ አልገባም» ብለው እግሩን እንደገና ማጣመም ይጀምራሉ። መጀመሪያ በቀጥታ ሌላ 12 ቮልት ላይ ሞክረው፤ የመኪና ባትሪም ይሆናል። እዚያ ከበራ አምፖሉ ደህና ነው።

መከላከያ የሌላቸውን ከተጠቀምክ ደግሞ ማስጠንቀቂያው ይጠብቃል። ሦስቱም አንድ ዓይነት፣ አንድ ዕድሜ፣ እኩል የተሞሉ ይሁኑ። አንዱ ቀድሞ ሲያልቅ ሁለቱ በግድ ይገፉታል፤ ያ ድንጋይ ይሞቃል፣ ጋዝ ያወጣል። ማግላይት ደግሞ በጎማ ቀለበት የታሸገ ወፍራም የአሉሚኒየም ቱቦ ነው። ጋዙ እንደልቡ አይወጣም። ብርሃኑ ትንሽ እንደቀላ አጥፋ፤ እያንዳንዱ ድንጋይ ከ3 ቮልት በታች አይውረድ። እስኪጠፋ መጠበቅ የድሮ ድንጋይ ልማድ ነው፤ በሊቲየም አይሠራም።

ያሉህ ምርጫዎች እነዚህ ናቸው። 100 ዋቱን በደንቡ መሥራት ይቻላል። አዲስ ያልተነካ አምፖል፣ ለጂዋይ6.35 ብቻ የተሠራ የሴራሚክ ሶኬት፣ አንድ ሴንቲሜትር ዝቅ ያለ መቆሚያ፣ የሰፋ ቀዳዳ፣ ወፍራም ሽቦ፣ በመዳብ የታገዘ ሞላ። ከጂ4 እስከ ጂዋይ6.35 ሁሉንም እንይዛለን የሚሉ ሶኬቶችም ይሸጣሉ። ለጣሪያ መብራት ይሁኑ፤ በእጅ ለሚወዛወዝ ነገር አልመክራቸውም፤ ለሁሉም የሚሆን ምላስ አንዱንም አጥብቆ አይዝም። ይህን ሁሉ ጨርሰህ የምታገኘው በአንድ ጊዜ ሁለት ሦስት ደቂቃ የሚበራ፣ ከዚያ ጭንቅላቱ እስኪቀዘቅዝ የምትጠብቀው የእጅ ባትሪ ነው። በፊቱ ጠረጴዛ ላይ ደፍተህ ከረሳኸው እሳት ያስነሳል። ቤት ውስጥ ልጅ ካለ ድንጋዩን አውጥተህ አስቀምጥ።

ሌላው ምርጫ ወደ ጂ4 መመለስ ነው፤ የምመክርህም ይህን ነው። ግን ወደ 20 ዋቱ አይደለም። ባለ 6 ቮልት 30 ዋት ሃሎጅን ካፕሱል በጂ4 እግር አለ፤ ፊሊፕስ 5761 የሚለው ቁጥር በዚህ ሥራ ያሉ ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት ነው። ከሦስት ድንጋይ ሁለት ታደርጋለህ፤ የአሉሚኒየም ማሟያውን ታረዝመዋለህ። ሁለቱ ድንጋይ በሥራ ላይ 7.2 ቮልት ገደማ ይሰጣሉ። ይህ ከተጻፈበት 20 በመቶ ይበልጣል። ብርሃኑ ወደ 1.9 እጥፍ ይጠጋል፤ ዕድሜው ግን ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። በማወቅ የሚደረግ ንግድ ነው፤ አንድ መለዋወጫ ኪስህ ውስጥ ይኑር። የሚስበው ከ5 እስከ 6 አምፔር ነው። ከ8ቱ ያነሰ ነው፤ ግን አሁንም አዲስ ሶኬትና የታገዘ ሞላ ይፈልጋል። ጥንቃቄው አንድ ነው፤ ከቻርጀር የወጡ ሁለት ድንጋዮች 8.4 ቮልት ናቸው፤ ይህን ቀዝቃዛ ክር ላይ ስትለቀው ወዲያው ሊያቃጥለው ይችላል። ድንጋዮቹን ሙሉ በሙሉ አትሙላቸው፤ 4 ቮልት አካባቢ ሲደርሱ ከቻርጀሩ አውጣቸው።

ስትገዛ ሃሎጅን መሆኑን አረጋግጥ። ጂ4 ብለህ ስትፈልግ አሁን በብዛት የሚመጣልህ ኤልኢዲ ነው። አውሮፓ ውስጥ ለቤት መብራት የሚሆኑት ጂ4 እና ጂዋይ6.35 ሃሎጅኖች ከመስከረም 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ወደ ገበያ እንዳይገቡ ስለተከለከሉ አብዛኛው ሻጭ ወደ ኤልኢዲው ዞሯል። እግሩ ልክ ይገባል። ግን ብርሃኑ የሚወጣው በዙሪያው ከተደረደሩ ብዙ ትንንሽ ነጥቦች ስለሆነ በሪፍሌክተር ውስጥ መቼም ፎከስ አይሠራም። የ38 ቁጥር እግር ይዘህ የ43 ጫማ እንደ መግዛት ነው፤ ገባ ተብሎ አይሄዱበትም።

ለጥበቃ ሥራህ ግን ሁለቱንም አልመክርህም። ለሌሊት ሥራ ጥሩ የኤልኢዲ የእጅ ባትሪ ያዝ። ሰዓታት ይበራል፤ ሲወድቅ ክር አይበጠስበትም፤ ኪስህን አያቃጥልም። የሃሎጅኑ ሞቅ ያለ ብርሃን ይማርካል፤ እኔም እወደዋለሁ። እሱን ለራስህ ጊዜ አድርገው።

አሠራሩ በቅደም ተከተል ይሁን። የተጣመመውን አምፖልና የተከፈተውን ሶኬት አብረህ ጣል፤ አምፖሉን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለው፤ ለሌላ ሰው እንዳትሰጠው። አዲሱን ጂ4 ሶኬት ሙቀት ቻይ ማጣበቂያው ከመድረቁ በፊት ቀጥ አድርገው። አሮጌውን ባለ 20 ዋት አምፖል ሰክተህ ከፊትም ከጎንም እየው፤ ማስተካከያ አድርገህ ተጠቀምበት። ማጣበቂያው ሲደርቅ 30 ዋቱን በንጹሕ ወረቀት ይዘህ ስካው። በባዶ ጣት አትንካው፤ የላብ ጨው በሙቀት ኳርትዙን ያበላሸዋል። ከነካኸው በአልኮል ጥረገው። ከዚያ በአንድ ድንጋይ የወረቀቱን ፍተሻ አድርግ። መሃሉ አሁንም ትንሽ ከጠቆረ የክሩ ቁመት በጥቂቱ ስለተለያየ ነው፤ ጭንቅላቱን ስታዞር ይሰበሰባል። ካልተሰበሰበ ሶኬቱን ግማሽ ግማሽ ሚሊሜትር እያልክ አንቀሳቅሰው፤ አምፖሉን ግን አትንካው።